በ28ቱ ዘመቻ የቁስለኛው ፋሻ ከየት ይመጣ ነበር?

የወሎ ልጅ (ክሩን የከፈተ) • ማክሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

ቅድመ አያቴ በ1928 ስንቅ ተሸክማ፣ ባሏን ተከትላ ከደሴ ማይጨው ዘምታለች። እኔ አልደረስኩባትም፤ ወሬዋን የሰማሁት ከአያቴ ነው። ባሏ ጭኑን በቦምብ ፍንጣሪ ሲመታ ነጠላዋን በጥርሷ ቀድዳ አሰረችለት። ቁስሉ በየቀኑ ይመግላል፣ ነጠላው ግን አንድ ነው። መጨረሻ ላይ ጥለቱ ሳይቀር አለቀ። ኋላ ሰው ስለ ዘመቻው ሲጠይቃት ሌላውን ሁሉ ትታ "መድኃኒቱ ደሴ፣ ቁስለኛው ማይጨው" ትል ነበር አሉ። እኛ ቤት ይህ ተረት ሆኖ ቀርቷል። ስልኬ ቤት፣ ቻርጀሩ ቢሮ የቀረ ቀን እናቴ የምትለኝ ይህንኑ ነው።

ለመሆኑ ደሴ በእርግጥ መድኃኒት ነበር? ከነበረስ ማን አመጣው? ለምንስ ከደሴ አላለፈም? ስለ ጀግኖቹ የሚነበብ ሞልቷል፤ ስለ ፋሻና ጥጥ የሚያወራ ሰው ነው ያጣሁት።

አራዳው • ማክሰኞ ማታ 3፡41

ወንበሬን ስቤ ተቀምጫለሁ። መዝገብ ፈታሽ የት አለህ?

መዝገብ ፈታሽ • ማክሰኞ ማታ 4፡55

አለሁ። የወሎ ልጅ፣ ቅድመ አያትህ ያሉት ከሞላ ጎደል ልክ ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው፤ ጣሊያን መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928። በመካከሉ ሦስት ወር እንኳ አይሞላም፣ እሱም ክረምት ነው። ድንኳን የተገዛው፣ ፋሻ የታዘዘው፣ ሐኪም የተፈለገው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው። ዋና ጸሐፊው ዶክተር ላምቢ የሚባል፣ አገሩን ለረጅም ጊዜ የሚያውቅ ሚሲዮናዊ ሐኪም ነበር። ሠራዊቱ ደግሞ አብዛኛው ክተት ሲባል ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ፣ ስንቁን ከቤቱ ቋጥሮ የመጣ ነው። ስንቅ ያልተሰፈረለት ጦር ፋሻ ከየት ይሰፈርለታል! ሲቆስል የሚያየው ወጌሻ ነው፤ ወጌሻ ከሌለ እንደ ቅድመ አያትህ ያለች ሚስት።

ዕቃው የሚገባበት ዋናው በር ጅቡቲ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር በባቡር፤ ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በካሚዮን፣ ዝናብ ከጣለ ካሚዮኑ ራሱ የሚጎተትበት መንገድ ነው። ከደሴ ወልዲያ፣ ቆቦ፣ አላማጣ፣ ከዚያ ያንን ዳገት ወደ ኮረም። ግራ ካሕሱን በዛሬው አስፋልት የወጣ ሰው ይፍረድ፤ ያኔ ካሚዮን ያለፈበት በስንት መከራ ነው፣ የቀረው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ።

ከውጭ የመጡት አምቡላንሶች ናቸው። አምቡላንስ ስል የዛሬውን የሚጮህ መኪና እንዳታስቡ። ሐኪሙን፣ ነርሱን፣ ድንኳኑን፣ መድኃኒቱንና ካሚዮኑን አንድ ላይ የያዘ ተንቀሳቃሽ ሆስፒታል ነው። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ፊንላንድ፣ ሆላንድ፣ እንግሊዝና ግብፅ ላኩ። ስዊድኖቹ ወደ ራስ ደስታ ግንባር ወረዱ፣ ኖርዌዮቹ ወደ ሲዳሞ፣ ፊንላንዶቹና ግብፆቹ ወደ ጅጅጋ በኩል። ሆላንዶቹ ደሴ ተከሉ። እንግሊዞቹ እስከ ኮረም ዘለቁ። ሁሉም ዕቃውን ከአገሩ ይዞ ስለመጣ የአንዱ ሳጥን ከሌላው ሳጥን አይመሳሰልም።

ስለዚህ ደሴ መድኃኒት ነበር። ሆስፒታልም ነበር፤ አድቬንቲስቶች የሚያስተዳድሩት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ከተማዋ ከአየር ስትደበደብ ሆስፒታሉ አብሮ ተመታ። ንጉሡ ራሳቸው መትረየስ ይዘው የተኮሱት ያን ቀን ነው።

የወሎ ልጅ • ረቡዕ ጠዋት 1፡10

እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሆስፒታሉ ላይ ቀይ መስቀል ተቀብቶ አልነበረም? ማየት አቅቷቸው ነው?

መዝገብ ፈታሽ • ረቡዕ ጠዋት 2፡30

አይተዋል። ደሴ ላይ ስህተት ነው ያለ ካለ እንኳ ታኅሣሥ 20 ምን ሊል ነው? መልካ ዲዳ፣ ገናሌ ወንዝ አጠገብ፣ ስዊድኖቹ ትልልቅ ቀይ መስቀል ዘርግተው ቁስለኛ ሲያክሙ የግራዚያኒ አውሮፕላኖች መጥተው ደበደቧቸው። ኃላፊው ዶክተር ሂላንደር ቆሰለ፤ ሉንድስትሮም የሚባለው ባልደረባው ሞተ፤ ከተኙት ቁስለኞች ብዙዎቹ እዚያው አለቁ። ሰው ያለቀበትን ነገር እያነሡ ስለ ዕቃ ማውራት ይከብዳል፣ ሆኖም ክሩ ስለሱ ነውና ልበለው። ድንኳኑና ሳጥኑ ሲነድድ የዚያ ግንባር ፋርማሲ ነው አብሮ የነደደው። ተተኪው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ በዚያ ሁሉ መንገድ ማዶ።

የካቲት 25 ደግሞ ተራው የእንግሊዞቹ ሆነ፣ ኮረም አጠገብ። በመጋቢት የቀይ መስቀሉ አውሮፕላን እዚያው ኮረም ሜዳ ላይ ተቃጠለ። አብራሪው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባል ስዊድናዊ ነበር። (ወደ ጎን ልውጣና፣ ይህ ሰው በ1966ቱ ረሃብ ተመልሶ መጥቶ ከአውሮፕላን እህል ሲጥል ነበር፤ የሞተውም እዚሁ አገር፣ በ1969 ጎዴ ላይ፣ በሶማሊያ ጥቃት ነው።)

ከዚህ በኋላ ምልክቱ ከለላነቱ ቀርቶ ዒላማ መሰለ። ሰው ድንኳኑን ሲያይ ይሸሽ ጀመር።

በዚህ ላይ ይፐሪቱ፣ ያ ገላ የሚያቃጥለው መርዝ ጋዝ፣ ተጨመረ። ጣሊያን መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት የፈረመ አገር ነው (ይህ ዓመት በፈረንጅ ነው)። ባዶ እግሩን የሚሄድ ሠራዊት መርዝ የተረጨበትን ሣር ረገጠ። ከጄኔቫ የተላከው ዶክተር ጁኖ ኮረም ሲደርስ ያየውን መስክሯል፤ ከዛፍ ሥር የተኙት "አቤት! አቤት!" ይሉ ነበር። የጥይት ቁስል ካልመገለ ጥቂት ጊዜ ታስሮ ይደርቃል። በጋዝ የተቃጠለ ገላ ግን በየቀኑ ይታጠባል፣ በየቀኑ ይቀየራል፤ የሚጨርሰው ጎዝና ቅባት ሌላ ነው። ለዚህ ብሎ አስቀድሞ ያዘዘ ማንም አልነበረም።

ቋራው ሽፍታ • ረቡዕ ቀን 6፡05

እና ምኑን ነው የምትመረምሩት? ችግሩ ፋሽስት ነው! ሆስፒታል በቦምብ እየተመታ ስለ ስቶር አያያዝ ማውራት የወገንን ጥፋት እንደ መፈለግ ነው የሚቆጠረው።

ጋሽ ግምጃ ቤት • ረቡዕ ማታ 2፡15

ቋራው፣ ልጄ፣ ቁጣህ ይገባኛል። ፋሽስቱን ማንም አልማረውም። ግን አንድ የማውቀው ነገር ስላለ ልናገር፤ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የታሪክ ሰው አይደለሁም። በ1991 እና በ92 ለግንባር ቅርብ በሆነ አንድ የጦር ሆስፒታል የመድኃኒት ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። የቱ እንደሆነ አልናገርም።

ሰው "እጥረት" ሲባል ዕቃ የለም ማለት ይመስለዋል። ግምጃ ቤቴ ጢም ብሎ ሞልቶ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ባዶ እጁን የቆመበት ሌሊት አለ። ጓንት አለቀ ተብዬ ተቀሰቀስኩ። "እንዴት ያልቃል? 40 ካርቶን ገቢ አድርጌያለሁ!" ብዬ ቁልፌን ይዤ ሮጥኩ። ካርቶኑን ቀደድን፤ ሁሉም ስድስት ተኩል ቁጥር። ሐኪሞቹ ሰባት ተኩልና ስምንት የሚለብሱ ጎልማሶች ናቸው። አንዱ ሊያጠልቅ ሲሞክር አውራ ጣቱ ላይ ተተረተረ። ሁለተኛውም ተተረተረ። ሦስተኛውን ይዞ ዝም ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሞዴል 19 (የገቢ ደረሰኙ) ላይ የጻፍኩት "ጓንት፣ የቀዶ ሕክምና፣ 40 ካርቶን" ነው። ፊርማው፣ ማኅተሙ፣ ሁሉ ነገሩ ልክ ነው። ቁጥሩን ግን አልጻፍኩም፣ የላከውም አልጻፈም፣ የፈቀደውም አልጠየቀም።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ማንም ሳያጠፋ የሚጠፋ ጥፋት ነው። ማደንዘዣ መጋቢት መጨረሻ ላይ አለቀብን እንበል። ሚያዝያና ግንቦት ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) ላይ ወጪው ዜሮ ነው፤ የሌለ ነገር ምን ይወጣል! ሰኔ ላይ የበላይ አካል የሦስት ወር ወጪያችንን ደምሮ ለሦስት ያካፍላል። የሚያገኘው ትንሽ ቁጥር ነው። "እነዚህ ብዙ አይጠቀሙም" ተብሎ ትንሽ ይላክልናል። ትንሹ በሳምንት ያልቃል፤ የሚቀጥለው ሪፖርት ይብስ ያንሳል። ስላጣን ተቀጣን ማለት ነው። ኋላ አንድ የፋርማሲ ባልደረባዬ ያመጣው ዘዴ አዳነን። ዕቃው ያለቀበትን ቀን ቢን ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ባዶ፣ 41 ቀን" እያልን መጻፍ፣ አማካዩንም ዕቃው በእጃችን ለነበረበት ቀን ብቻ ማካፈል። ቀላል ነገር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንልከው ግን "ሒሳባችሁ ተሳስቷል" ተብሎ ተመልሶልን ነበር።

ውጊያ ደግሞ በአማካይ አይመጣም። ሃያ ቀን ዝም ይላል፣ በሃያ አንደኛው ሌሊት 200 ሰው ይጫንልሃል። በዚያ ሰዓት ሞዴል 20 (የዕቃ መጠየቂያውን) ሞልቶ፣ አስፈርሞ፣ በሞዴል 22 ወጪ እያስደረጉ መሄድ ቀልድ ነው። ስለዚህ ለ100 ቁስለኛ ተብሎ አስቀድሞ የታሰረ ሳጥን አዘጋጀን። ውስጡ ያለው ታውቆ፣ ክዳኑ ላይ ቀድሞ ከሚበላሸው ዕቃ የመጠቀሚያ ቀኑ ተጽፎ ይቀመጣል። መኪናው ሲመጣ ሳጥኑ ይጫናል፣ ወረቀቱ ይከተላል። ሲጠየቅ የሚላክና ሳይጠየቅ የሚላክ ዕቃ የተለያየ መሆኑን ያወቅነው በዚያ ነው። ግንባር ላይ ያለ ሐኪም የሚጠይቅበት ጊዜም ስልክም የለውም።

መዝገብ ፈታሽ ሳጥኑ አይመሳሰልም ያለው ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የስዊድኑ ሳጥን ለሆላንዱ ሐኪም እንቆቅልሽ ነው። ቦምቡ ባይኖርም ያ መንገድና ያ ሳጥን ብዙ ሰው ይገድል ነበር፤ ቦምቡ ሲጨመር ደግሞ የሆነው ሆነ።

ቋራው ሽፍታ • ረቡዕ ማታ 2፡50

ጋሼ፣ ይቅርታ። በሌላ ዓይን ነበር ያነበብኩት።

መዝገብ ፈታሽ • ረቡዕ ማታ 3፡30

ጋሼ የጻፉት የክራይሚያን ጦርነት አስታወሰኝ። በ1854 (በፈረንጅ) እንግሊዛዊቷ ነርስ ናይቲንጌል 38 ነርሶች ይዛ ቱርክ ውስጥ ስኩታሪ ጦር ሆስፒታል ስትገባ የተጋፈጠችው ቆሻሻና አይጥ ብቻ አልነበረም። ከለንደን 27,000 ሸሚዝ ተልኮ ደርሶ፣ የዕቃ ሹሙ ቦርድ ካልተሰየመ አልፈታም ብሎ፣ ቦርዱ እስኪሰበሰብ ሦስት ሳምንት አለፈ። ቁስለኛው ደሙ የደረቀበትን ልብስ ለብሶ ከመጋረጃው ማዶ ተኝቷል። ኖቬምበር 14 ቀን ደግሞ "ፕሪንስ" የምትባለው መርከብ የክረምት ልብሱንና የሕክምና ዕቃውን እንደጫነች ባላክላቫ ወደብ አፍ ላይ በማዕበል ሰጠመች። ማዕበሉን ማን ይከስሳል፤ ቦርዱን ግን እስከ ዛሬ እከስሳለሁ።

ጋሽ ግምጃ ቤት • ረቡዕ ማታ 3፡58

ቦርዱን ቀስ በል። ወረቀት የሌለበት ግምጃ ቤትም አይቻለሁ። ሞርፊን ማንም ከሁሉ በፊት የሚሰርቀው ዕቃ ነው፤ ከቁስለኛው ክንድ ላይ ሊሰረቅ ይችላል፣ ግማሹን ወግቶ ግማሹን ኪስ። ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ፊርማና የባዶ ብልቃጥ ቆጠራ ያስፈልገዋል። የሸሚዝና የሞርፊን ሥርዓት አንድ መሆኑ ነው ጥፋቱ። ለሸሚዝ ቦርድ አያስፈልግም።

ሲስተር ት. • ሐሙስ ጠዋት 3፡05

ጋሽ ግምጃ ቤት፣ በጽሑፍዎ አወቅኩዎ መሰለኝ፤ አልናገርም። እኔም ያን ጊዜ ነርስ ነበርኩ።

ስለ ፋሻ የተጠየቀው ላይ ልጨምር። ፋሻ አልቆ አያውቅም፤ አልቆ የማያውቀው ግን ስለምናጥበው ነው። በርሜሉን ከሁለት ከፍለን ግማሹን ምጣድ አደረግነው። በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ፤ ትኩስ ከነካው ደሙ ይረጋበታልና ከዚያ በኋላ አይለቅም። ቀጥሎ ሳሙና፣ ቀጥሎ ፈልቶ መንተክተክ አለበት። በገመድ እናሰጣለን። ነፋስ ካለ አቧራው ተመልሶ ስለሚገባ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። የደረቀው ተቆርጦ ወደ ማምከኛው ይገባል።

መጠቅለሉ ነው ጊዜ የሚፈጀው። ያንን ያደርጉልን የነበሩት ራሳቸው ቁስለኞቹ ናቸው። እጁ ደህና የሆነ ልጅ ፋሻውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በአውራ ጣቱ ጨርቁን እየወጠረ፣ በሌላው መዳፉ ያሽከረክረዋል። አንድ የጎጃም ልጅ ነበር፣ ሁለት እግሩ በጄሶ ተሰቅሎ። ከኛ ይልቅ አጥብቆ ይጠቀልል ነበር፤ የሱ ፋሻ ሲፈታ እንኳ አይበተንም። "እናቴ ድር ስታዳውር አይቼ ነው" ይለኛል። የጠቀለለውን እየቆጠረ ከአልጋው ራስጌ ይደረድራል፤ ዶክተሮቹ ለዙር ሲመጡ "ዛሬ 60 ገቢ አድርጉ" እያለ ያስቃቸው ነበር።

ኪኒን ጨርሰን እናውቃለን። ለወባ ማለቴ ነው። "ኪኒን" የሚለው ቃላችን ራሱ ከኩዊኒን የመጣ መሆኑን ያወቅኩት ትምህርት ቤት ነው፤ አንዱ የወባ መድኃኒት ለኪኒን ሁሉ ስሙን አወረሰ። ቆላ ለወረደ ጦር ወባ ከጥይት አያንስም። ሰው ግን ስለ ጦር ሆስፒታል ሲያስብ ደም ብቻ ነው የሚታየው። ከአልጋዎቻችን ግማሹን የያዙት ወባና ተቅማጥ የነበሩበት ወር አለ።

ሜሪላንድ ነኝ • ሐሙስ ጠዋት 3፡40

ከዚህ ከዲሲ አካባቢ ነው የምጽፈው። ክሩን አንብቤ እንባዬ መጣ። በ1928ቱ ጊዜ የኒው ዮርክ ሃርለም ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ የሕክምና ዕቃ ሰብስበው መላካቸውን ታውቃላችሁ? ሰላሪያ ኪ የምትባል ነርስ ከባልደረቦቿ ጋር የመስክ ሆስፒታል ዕቃ አሰባስባ ልካለች፤ ኋላ ራሷ ወደ ስፔን ጦርነት ሄዳ ቁስለኛ አክማለች። ያኔ ሐበሻ በዚህ አገር በጣት የሚቆጠር ነበር።

እኛም በየጊዜው መድኃኒት ሰብስበን በሻንጣ እንልካለን። ይጠቅማል ወይስ ራሳችንን ነው የምናጽናናው? በግልጽ ንገሩኝ።

ሲስተር ት. • ሐሙስ ጠዋት 4፡20

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ በግልጽ ካላችሁ በግልጽ ልንገር። የተላከልኝን ካርቶን ከፍቼ ያገኘሁትን ልዘርዝር? ግማሹ ተውጦ ግማሹ የቀረ የደም ግፊት ኪኒን። ማንም ሊያነበው በማይችል ቋንቋ የተጻፈ ሽሮፕ። የመጠቀሚያ ጊዜው በደረሰልን ሳምንት የሚያልፍ አንቲባዮቲክ፣ ሁለት ካርቶን። የማቅጠኛ ሻይም ነበር፤ ለተራበ ወታደር! ከዚያ ያንን ሁሉ መለየት፣ መመዝገብ፣ ቦርድ ሰይሞ ማስወገድ የኔ ሥራ ሆነ፤ ቁስለኛው ይጠብቅ።

እኛ ብቻ አይደለንም። ቦስኒያ በጦርነቱ ዘመን፣ በፈረንጅ ከ1992 እስከ 96፣ ከተላከላት መድኃኒት 17,000 ቶን ያህሉ የማይረባ ነበር ተብሎ ተገምቷል። ከግማሽ በላይ ነው። ለማስወገዱ ደግሞ ሌላ ገንዘብ። የዓለም ጤና ድርጅት ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣ፤ የሚለገስ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ይኑረው፣ ተቀባዩ የጠየቀው ይሁን፣ ሰው ጀምሮ የተወው አይሁን።

ስለዚህ ከመሰብሰባችሁ በፊት ጠይቁ። የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ የሚያምር ነገር አይደለም። የመስፊያ ክር፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ)፣ የማምከኛው ጎማ። አንዴ ማምከኛችን የቆመው ክዳኑ ላይ ያለች ጎማ ስለደረቀች ነበር። መሣሪያው ውድ ነው፣ የለገሰው ሰው ፎቶ ተነሥቶበታል። ጎማዋን የላከልን ግን አልነበረም።

ሜሪላንድ ነኝ • ሐሙስ ማታ 12፡15

ወንድምሽ ነኝ። ስለ ማቅጠኛ ሻዩ አፈርኩ። የኛ ካልሆነ ማለቴ ነው።

ዝምተኛው • ሐሙስ ማታ 2፡30

አትቆጡኝና፣ ስለ ጦር ሆስፒታል ካነሣን ኦሮታ መነሣት የለበትም? ሻዕቢያ ሳህል ተራራ ውስጥ ዋሻና ዛፍ ሥር ሆስፒታል ሠርቶ፣ ግሉኮሱንና ኪኒኑን እዚያው ያመርት ነበር። ወደብ ሳይኖረው፣ ቀን ቀን አውሮፕላን እየዞረበት።

ቋራው ሽፍታ • ሐሙስ ማታ 2፡44

ይሄው ጀመረ! ደግሞ ሊያስጨበጭቡን ነው።

አወያይ • ሐሙስ ማታ 2፡52

ፖለቲካውን ለሌላ ክር ተዉት። ስለ ሆስፒታልና ስለ ዕቃ የሚያወራ ይቀጥል፣ የቀረው ይሰረዛል።

ጋሽ ግምጃ ቤት • ሐሙስ ማታ 3፡25

እኔ በማዶ የነበርኩ ሰው ነኝ፣ ግን ዝምተኛው ያነሣው ሙያ ነው። አንድ ሊትር ግሉኮስ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው በአንድ ሌሊት አራት አምስት ከረጢት ይጨርሳል። 100 ሰው ቢመጣ ግማሽ ቶን ውኃ ተሸክመህ ዳገት ወጣህ ማለት ነው፤ ውኃ እኮ ነው! ስኳርና ጨው ያለበት ንጹሕ ውኃ። ማጣሪያና ማምከኛ ያለው ሰው ከባዱን እዚያው ሠርቶ፣ በበቅሎ ቀላሉንና ውዱን ብቻ ያመጣል። ማደንዘዣና አንቲባዮቲክ በአንድ አኩፋዳ ስንት ሰው ያድናል! ማንም ይሥራው፣ ልክ ነው።

ደም ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ በክብደቱ አይደለም፣ ስለማይቆይ ነው። በፍሪጅ 42 ቀን ቢሆን ነው፣ የዛሬው። መብራት ከጠፋ ደግሞ በሰዓት ትቆጥራለህ። ስለዚህ የኛ ደም ባንክ በእግሩ የሚሄድ ነበር። ሾፌሩ፣ ጥበቃው፣ ወጥ ቤቷ፣ እኔም፤ የደም ዓይነታችን በር ላይ ተለጥፎ ነበር። እኔ ኦ ፖዘቲቭ ነኝ። እንቅልፍ አልነበረኝም።

አራዳው • ሐሙስ ማታ 4፡02

የወሎ ልጅ፣ የከፈትከውን ክር ትተኸን የት ጠፋህ? ለመሆኑ የቅድመ አያትህ ባልስ ተረፉ?

የወሎ ልጅ • ዓርብ ማታ 1፡30

ደሴ ደውዬ ነበር፣ አክስቴ ዘንድ። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ክሩን በስልክ አነበብኩላት። "ጋሽ ግምጃ ቤት" የምትሉትን ሰው ወደደችው፣ ሰላም በልልኝ ብላለች። ከዚያ ግን ተቆጣችኝ። ተረቱን ግማሹን ነው አሉ የያዝከው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይጨው መጋቢት 22 ከተሰበረ በኋላ ቅድመ አያቴ ባሏን በሰው በቅሎ ላይ አስራ ወደ ደሴ አመጣችው። ቀን ቀን ጉድባ ውስጥ እየተደበቁ፣ ሌሊት እየሄዱ። አውሮፕላኑ አለ፣ በመንገድ የሚዘርፈው አለ። ነጠላው አልቆ በቀሚሷ ዘርፍ ነበር የምታስረው። ደሴ ሲደርሱ ሆስፒታሉም ድንኳኑም ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ጣሊያን እየመጣ ነው ተብሎ የሚጫነው ተጭኖ፣ ሐኪሙም ወደ አዲስ አበባ ወጥቷል። ጣሊያን ሚያዝያ 7 ገባ። እሷ ኋላ ትለው የነበረው ሙሉው እንዲህ ነው፦ "መድኃኒቱ ደሴ ሳለ ቁስለኛው ማይጨው፤ ቁስለኛው ደሴ ሲገባ መድኃኒቱ አዲስ አበባ።"

መዝገብ ፈታሽ • ዓርብ ማታ 1፡52

አዲስ አበባም የደረሰው ብዙ አልቆየም። ንጉሡ ከወጡ በኋላ ከተማዋ ስትዘረፍ የእንግሊዙ አምቡላንስ መሪ ዶክተር ሜሊ መንገድ ላይ የቆሰለ ሰው ሲያነሣ በዘራፊ ጥይት ተመታ፤ የሞተው ጣሊያን በገባበት ቀን፣ ሚያዝያ 27 ነው። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ከሴቶች ማኅበር ጋር ፋሻና የጋዝ መከላከያ ጭምብል ስታዘጋጅ የነበረችው ልዕልት ፀሐይ ደግሞ በስደት ለንደን ነርስነት ተማረች። በ1934 ነቀምት ላይ በወጣትነቷ ሞተች፤ በስሟ የተሠራው ሆስፒታል ነው ኋላ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው።

ሲስተር ት. • ዓርብ ማታ 2፡10

እዚያ ነው የሠለጠንኩት። ታሪኩን የነገረኝ አልነበረም።

የወሎ ልጅ፣ ጭናቸውስ? በምን ዳነ?

የወሎ ልጅ • ዓርብ ማታ 2፡34

ደሴ ውስጥ አንድ ወጌሻ ፍንጣሪውን በጉጠት አወጣለት፣ ማር ሞላበት፣ አክስቴ ያለችኝ ይህንን ነው። ፋሻው የቅድመ አያቴ ቀሚስ ነው፤ እያጠበች፣ እያፈላች። ሲስተር እንዳልሽው በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ እንደሆነ ጠየቅኳት። "ታዲያ በምን ልታጥበው ኖሯል?" አለችኝ። ዳነ። አክስቴ ልጅ ሆና ደርሳበታለች። ዝናብ ሊጥል ሲል ያነክስ ነበር፤ ማሳ የሚወጡት እሱን አይተው ነው።